ጠርዙ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ጆሃንስበርግ ያለን የሆሳዕና ልጆች ግን በመርዶ ነገር የሚስተካከለን የለም። አንድ ሰው አገር ቤት ሲሞትበት እኛ ከእሱ ቀድመን እንሰማለን፤ ሰምተንም ዝም እንላለን። ፌስቡክ ላይ እንዳያይ በሆነ ሰበብ ስልኩን እንወስድበታለን። ሱቁ ሄደን አብረነው እንስቃለን። ከዚያ አመቺ ቀን መርጠን፣ ሰው አሰባስበን፣ በማለዳ በሩ ላይ እንቆማለን። እኔ ራሴ የስንት ሰው በር ላይ እንደቆምኩ አላስታውስም። አልቃሽ መያዝ ትችልበታለች እየተባልኩ ከፊት የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ይሄን ሁሉ የማውቅ ሴት፣ በራሴ ሲደርስ ምንም አላወቅኩም። ምንም!

ስሜ አስቴር ነው። ያኔ ዮቪል በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ የአንድ የቬትናም ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝ ከከተማው ዳር ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ሳምንቱን እዚያው ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ እያደረ፣ ወደ እኛ የሚመጣው ለእሁድ ቤተክርስቲያን ነው። እኔ ትንሿን ልጃችንን ሶስናን እያሳደግኩ ስፌት እሰፋ ነበር። የምሰፋው ደግሞ ለአከራያችን ለሚን ነው። ሚን ከተማ መሃል መጋረጃና ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣ ሃምሳ የተጠጋው ዝምተኛ ሰው ነው። ጣቃውን ያመጣልኛል፤ እኔ ቆርጬ ጠርዙን እሰፋለሁ።

ቤቱን የምትገዛው ግን የሚን እናት ነበረች። ልክ አይደለም፤ «ነበሩ» ልበል፣ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። ስማቸው ሊየን ነው። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነውና እኔም ጎጎ ሊየን ነበር የምላቸው። አስቡት፤ አንዲት የሆሳዕና ሴት አንዲትን የቬትናም አሮጊት በዙሉ ቃል ስትጠራ! የምንግባባውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ነገሩ ሲጠጥርብን የሚን ልጅ ማይ ታስተረጉምልናለች። ማይ እዚሁ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

ጎጎ ሊየን ከአገራቸው የወጡት በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። ሚን ያኔ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። ከጀልባው ወደ መጠለያ ካምፕ፣ ከካምፑ ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ኋላ ሚን ለንግድ ጆሃንስበርግ ሲመጣ እናቱንም ይዞ መጣ። ከዚያ ሁሉ መንገድ የቀራቸው ዕቃ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። አዲስ ዓመታቸው ሲደርስ (ቴት ይሉታል፣ እዚህ በክረምት ሳይሆን በሙቀቱ ወራት ነው የሚውለው) ቤቱን አጽድተው ሲጨርሱ ቆርቆሮዋን ከፍተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይወለውላሉ።

ያን ዓመት ስፌት ላደርስ ገብቼ ሲወለውሉ ደረስኩ። አንደኛው ቁልፍ ነበር። «የቤቴ ቁልፍ ነው» አሉኝ። «ቤቱ ፈርሷል። በሩ የለም፣ ቁልፉ አለ» ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ጎኑ የተቆለመመ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ጀልባው ላይ ውሃ ሲያልቅ የቀረችውን ጠብታ በእሱ እየለኩ ይካፈሉ ነበር፤ የሚንንም ከንፈር የሚያርሱት በእሱ ነበር። ሦስተኛው ነጭ ጨርቅ ነው። ረጅም፣ ጠባብ፣ እንደ ሻሽ ሳሳ ያለ፣ ጠርዙ የተተረተረ። የቁስል ማሰሪያ መሰለኝ። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ዓይኔ ጠርዙ ላይ አረፈ።

«ጎጎ፣ ይሄ እየተተረተረ ነው፤ ልስፋልዎት» ብዬ ላነሳው ስል እጄን መታ አደረጉት።

«አይሰፋም!» አሉ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ይሄ አይሰፋም። በዓል ሲደርስም አይነካም።»

ማይ ወደ ጓዳ ስንገባ በሹክሹክታ «ተዪው ሲሲ፣ ስለ እሱ ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም» አለችኝ። ሲሲ እዚህ እህቴ እንደማለት ነው።

በዚያው ቀን ነው የበዓላቸው የመጀመሪያ እንግዳ እንድሆን የጠየቁኝ። እሮብ ነበር፣ ቴት ደግሞ ቅዳሜ ይውላል። ልማዳቸው እንዲህ ነው፦ በአዲስ ዓመት ማለዳ መጀመሪያ ቤት የሚገባው ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ ነው የሚገባው ይላሉ። ስለዚህ ማንም ዘው እንዲል አይተዉም፤ ሰው መርጠው ይጠራሉ። ያን ዓመት ደግሞ ምርጫው የጨዋታ አልነበረም። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ሚን የልብ ቀዶ ጥገና ይጠብቀው ነበር። ጎጎ ከዚያ ሌላ የሚያስቡት ነገር አልነበራቸውም። ሚን ራሱ «ልቤ የድሮ ባኪ (ፒክአፕ) መኪና ሆናለች፣ ጠዋት ጠዋት ተገፍታ ነው የምትነሳው» እያለ ይቀልድ ነበር። እናቱ አይስቁም።

እጄን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጡኝና ማይ እያስተረጎመች ይጠይቁኝ ጀመር።

«ባልሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ልጅሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እናትሽ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«አባትሽስ?»

«አባቴማ ከሁላችን ይበረታል!» አልኩ በኩራት። «ዛሬም እንሰቱን ራሱ ነው የሚተክለው። ለእሁድ ቤተክርስቲያን ሁላችንን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።»

ጎጎ ደስ አላቸው። ጉንጬን ዳሰሱኝ። «ሐዘን ያለበት ሰው በዚያ ቀን ከገባ ሐዘኑ አብሮን ይቀመጣል። አንቺ ሙሉ ነሽ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝና ሐሳብ ገባኝ። ሳሎናቸው ውስጥ የሙታን ዘመዶቻቸው ፎቶና የዕጣን ማጨሻ ያለበት መደርደሪያ አለ። «ጎጎ፣ እኔ ግን ዕጣን አልነካም፣ አልሰግድምም» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ። ማይ ስታስተረጉምላቸው ከት ብለው ሳቁ።

«አንቺ እግርሽን ብቻ አምጪ» አሉኝ።

በዚያው እሮብ ከሰዓት ደሳለኝ ሳይታሰብ ከዳቬይተን መጣ። «የስልክሽ ስክሪን ከተሰነጠቀ ስንት ጊዜው ነው! ጄፔ ገበያ ወስጄ ላሠራልሽ» ብሎ ስልኬን ወሰደና አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ትቶልኝ ሄደ። ትዳር ማለት ይሄ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስደሰት ዋልኩ። ሐሙስ አገር ቤት ወንድሜ ጋ ብደውል አይነሳም። ደሳለኝን ስጠይቀው «ሆሳዕና ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ» አለኝ። አንዲት የቤተክርስቲያናችን እህትም በዚያው ቀን ብቅ ብላ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አቀፈችኝና «ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል?» ብላኝ ሄደች። አስቡት እንግዲህ። ይሄን ሁሉ እኔ ራሴ በሌሎች ላይ አድርጌዋለሁ። ስልክ ወስጃለሁ፣ ኔትወርክ ጠፋ ብያለሁ፣ ቅዳሜ ቤት ነሽ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ።

ሐሙስ ማታ ለደሳለኝ የቴቱን ነገር በስልክ እየሳቅኩ ነገርኩት።

«እኔን መረጡኝ እኮ! እናትና አባቷ በሕይወት ያሉ፣ ሐዘን የሌለባት ብለው!»

ከወዲያ የደንበኞቹ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

«ሄሎ? ደሳለኝ? ኔትወርክ ነው?»

«አለሁ» አለ። «ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ፀሐይ ልትወጣ ስትል። ምነው?»

«ምንም። ሌላ ሰው ቢገባ አይሻልም?»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ! ቀናህ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ቅዳሜ ማለዳ ሶስናን እንደተኛች ትቻት ቀይ ቀሚሴን ለበስኩ። ቀይ ልበሺ ያሉኝ ጎጎ ናቸው። የምኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ «ከግቢ ወደ ግቢ አይቆጠርም» ተብዬ፣ በመንገዱ በር ወጥቼ ከውጭ እንደመጣ እንግዳ መግባት ነበረብኝ። ማይ እየሳቀች በሪሞት ከፈተችልኝ። ወጣሁ። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አስፋልቱ ገና አልደረቀም። ሃዲዳ የሚሏቸው ወፎች ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለሉ እንደልማዳቸው ይጮሃሉ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ለራሴ እየሳቅኩ ትንሽ ቆምኩና ተመልሼ ገባሁ።

በቀኝ እግሬ ደፉን ተሻገርኩ። ማይ ያስጠናችኝን የእንኳን አደረሳችሁ ቃል በሆሳዕና ቅላፄ ስለው ሚን እንኳን ሳቀ። ጎጎ ሁለት እጄን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና በስኳር የተሰራ ዝንጅብል አጎረሱኝ። በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ አቀረቡ። ቅጠሉ የኮባ መሰለኝ፤ የአባቴን ጓሮ አስታወሰኝና «እኛም አገር እንዲህ እንጠቀልላለን» አልኳቸው። ሚን የበዓሉን ቀይ ፖስታ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ጎጎ ልጃቸውን አይተው እኔን ያያሉ፤ እኔን አይተው ልጃቸውን ያያሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። በዚያች ደቂቃ ለአንድ ሰው መልካም ነገር ይዤ የገባሁ ሰው መሆኔን ከልቤ አመንኩ።

የመንገዱ በር ደወል ጮኸ።

ማይ በመስኮት አየችና ዞር አለች። «ሲሲ አስቴር፣ ብዙ ሰዎች ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ባልሽም አለ መሰለኝ» አለች።

አንባቢዎቼ፣ ከእኔ በላይ ይሄን የሚያውቅ የለም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ልብስ፣ ያን ያህል ሰው ሆኖ ሌላ ምንም ጉዳይ የለም። ከኋላዬ ጎጎ በራሳቸው ቋንቋ ጮኹ። ማንም እንዳይገባ፣ በሩ እንዳይከፈት ማለታቸው እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ፖስታውን እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። ማይ ሪሞቱን ይዛ ተከተለችኝ፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ ቆመዋል። ከፊት ጋሽ ኤርጫፎ፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ከጎናቸው ደሳለኝ። ከኋላ እነዚያ ሁሌ አብሬያቸው የምሰለፍ እህቶቼ። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ቆማለች።

«ማን ነው?» አልኩ።

«አስቴር ልጄ፣ በሩን ክፈቺና እንጸልይ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

«ማን ነው የሞተው? እናቴ ናት?»

«ክፈቺ ልጄ...»

«ደሳለኝ! ማን ነው?»

ደሳለኝ ብረቱን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አስቱ፣ አባታችን ነው» አለ።

የቀረውን በደንብ አላስታውስም። መሬቱ ጡብ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። እኛ መርዶ ልንነግር ብዙ ሆነን የምንሄደው እኮ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ ልንይዘው ነው። ሊይዙኝ የመጡት ሁሉ ከብረቱ ወዲያ ቀሩ። እጃቸውን በፍርግርጉ አሾልከው ይዘረጋሉ፤ አይደርሱም። አንዷ የቀሚሴን ጫፍ ብቻ ያዘች። ስንቱን አልቃሽ ያቀፍኩ ሴት እዚያ ጡብ ላይ ቀይ ለብሼ ብቻዬን ተንከባለልኩ።

ማይ ለአያቷ ስትነግራቸው ሰማሁ። ቀና ስል ጎጎ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የሚያዩት ፊቴን አልነበረም፤ እግሬን ነበር። ያን አስተያየት እስከምሞት አልረሳውም። ሚን ከኋላቸው ደረቱን ይዞ ቆሟል።

መጡ። ሪሞቱን ከማይ እጅ ወስደው ተጫኑት። በሩ እየተንሸራተተ ሲከፈት ሕዝቡ ግር ብሎ ገባና አቀፈኝ። ጎጎ ግን ቃል ሳይናገሩ ዞረው ወደ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ።

አለቀ አልኩ በልቤ። አባቴ ሞተ፤ እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ገደልኩ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ዕድል በእግር ይገባል ብዬ አላስብም። ግን እሳቸው ያምናሉ። ልጃቸው ሊሞት ይችላል፤ ቤታቸው ሐዘን አስገብቻለሁ። ለአባቴ ልጮህ አፌን ስከፍት ይሄኛው ይቀድመኝ ነበር።

በሩ እንደገና ሲከፈት ጎጎ ሊየን የብስኩት ቆርቆሮዋን ይዘው ወጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አጠገቤ ጡቡ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በበዓል ልብሳቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ጋሽ ኤርጫፎን ነው።

«መቼ ሞተ?»

«ማክሰኞ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

ጎጎ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «እሮብ አባትሽ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አለ ብላ ሳቀች። ያኔ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ጋሽ ኤርጫፎ እንኳን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ሽፋን ላይ አቀረቀሩ። አባቴ ለካ ያን እሮብ ነበር የተቀበረው። እነሱ አፈር ሲያለብሱት እኔ ዮቪል ሶፋ ላይ እንሰት ይተክላል እያልኩ ነበር።

ጎጎ ያን ነጭ ጨርቅ አወጡና በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ማይ እያለቀሰች ታስተረጉማለች፤ እሷም ገና መስማቷ ነው።

«ካምፕ ሳለሁ አባቴ አገር ቤት ሞተ። ሕፃን ይዛለች፣ ትሰበራለች ብለው ደበቁኝ። በእኛ አገር አባት ሲሞት ልጆቹ ነጭ ያስራሉ። ቀብር ላይ ያልተገኘ ልጅ ካለ፣ የእሱ ጨርቅ ሣጥኑ ላይ ይቀመጥለታል። የእኔን አስቀመጡልኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ዘመድ ይዞልኝ መጣ። ያኔ የሐዘኑ ዘመን አልፏል፣ አሁን አይታሰርም አሉኝ። አስሬው አላውቅም።»

ከዚያ ጨርቁን ግንባሬ ላይ አዙረው ከኋላ አሰሩት።

«ያንቺ አልዘገየም» አሉኝ።

እኛ ዘንድ ሐዘን ጥቁር ነው። ነጭ የሠርግ ነው፣ የጥምቀት ነው። ጋሽ ኤርጫፎ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። እኔም የባዕድ ሥርዓት ነው ብዬ አላወለቅኩም። ያ ሳሳ ያለ ጨርቅ ግንባሬን ሲይዘኝ ነው አባቴ መሞቱ የገባኝ። ያኔ ጮኼ አለቀስኩ። ሚን ጎንበስ ብሎ ከጡቡ ላይ የወደቀውን ቀይ ፖስታ አነሳና አቧራውን አራግፎ ኪሴ ከተተው። «ያንቺ ነው» አለኝ እሱም።

ክፍላችን ውስጥ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው ሲወጣና ሲገባ ሰነበተ። ከደሳለኝ ጋር ብቻችንን የሆንን ጊዜ ግን አልማርኩትም።

«ፊቴ ቆመህ ስልኬን ወሰድክ!»

«ሳትገቢ ልደርስልሽ ነበር» አለ። «በሌሊት ነው የተነሳነው። ጋሽ ኤርጫፎ ግን ሰው ይሙላ አሉ። በሦስት ሰው መርዶ ይነገራል ወይ ብለው መንገድ ላይ አስቆሙን።»

«ማክሰኞ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽስ ለቀብር ትደርሺ ነበር? ወረቀትሽ ከአገር ያስወጣሻል?»

«አያስወጣኝም። ግን እየተቀበረ ስስቅ አልውልም ነበር።»

ደሳለኝ ስልኬን ከኪሱ አውጥቶ ፍራሹ ላይ አስቀመጠልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሁላችንም የምናደርገውን ነው ያደረገው።

የሚን ቀዶ ጥገና ቀን ደረሰ። እናቱን «ሆስፒታል መቀመጫው ያደክምሻል» ብለው ማይ ብቻ አብራው ሄደች። ጎጎ ማለዳ የክፍላችንን በር ከፍተው ገቡና ምንም ሳይሉ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ስልካቸውን መሃላችን አስቀመጡት። ሻይ ሰጠኋቸው፣ አልነኩትም። እኔ ነጩን ጨርቅ እንዳሰርኩ ነኝ። ደሳለኝ በር ላይ ተቀምጧል።

ስልኩ ጠራ። ጎጎ አዩትና ወደ እኔ ገፉት። «አንቺ አንሺ» አሉ።

ማይ ናት። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ሲሲ፣ አባቴ... ልቡ ቆሞ ነበር። መልሰውታል፤ ግን ገና ነው አሉ፣ ምንም አይታወቅም። ለጎጎ አትንገሪያት። ደህና ነው በያት። ፕሊዝ ሲሲ።»

ጎጎ ዓይኔን እያዩ ነው። ደሳለኝ ድምፁን ሰምቷል፤ ከበሩ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ ዝም በይ ለማለት። እንዴት ፈገግ እንደሚባል አውቃለሁ። ይሄን ሥራ ከእኔ በላይ የሚችለው የለም። ፈገግ ብዬ «ደህና ነው ጎጎ» ብል ያምኑኛል። ልለው አፌ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ያ ጡብ ትዝ አለኝ።

«ጎጎ» አልኩ። «የሚን ልብ ቆሞ ነበር። መልሰውታል። ገና አልዳነም።»

ደሳለኝ «አስቱ!» ብሎ ብድግ አለ።

የጎጎ እጅ ወደ ራሴ ተዘረጋ፣ ወደ ነጩ ጨርቅ። ክው አልኩ። ሊወስዱት ነው፤ ለልጃቸው ሊያስሩት ነው ብዬ እኔው ልፈታላቸው ወደ ቋጠሮው ተንቀሳቀስኩ። እጄን ያዙኝ። ላልቶ የነበረውን ቋጠሮ ጠበቅ አደረጉት።

«ይሄ ያንቺ ነው» አሉ። «እኔ ዛሬ አልፈልገውም።»

ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ጫማ አድርገዋል፤ እጃቸው ላይ ያቺ ጎኗ የተቆለመመ የቆርቆሮ ኩባያ ነበረች። «እንሂድ» አሉ። ደሳለኝ የሱቁን ባኪ አስነሳ።

ሆስፒታል ስንደርስ ማይ አይታን ፊቷ ተለዋወጠ። «አትንገሪያት አላልኩሽም?» ብላ ጮኸችብኝ። አያቷ ግን አልፈዋት ሚን የተኛበት ክፍል መስታወት አጠገብ ሄደው ቆሙ። ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ከሰዓቱን ሁሉ እንደዚያ ቆመው ዋሉ፤ ሊመሽ ሲል ሚን ዓይኑን ሲከፍት ፊት ለፊቱ ያየው እናቱን ነው። አንዲት ነርስ አስገባቻቸውና ከንፈሩን ማርጠብ ብቻ ይቻላል አለች። ጎጎ በኩባያዋ ትንሽ ውሃ አስደርገው ጣታቸውን እየነከሩ ከንፈሩን አራሱት። ማይ ያኔ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ስለ አባቴ አለቀስኩ። የእሱን ከንፈር ማን አርሶት ይሆን ብዬ።

አንባቢዎቼ፣ ፍርድ ልሰጣችሁ አልተነሳሁም። እኛ ስንደብቅ ከክፋት አይደለም፤ ፍቅርም ነው፣ ፍርሃትም ነው። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ብለን የምናደርገው ነው፤ በፌስቡክ ከማየት ይሻላል የሚልም አለ። እኔ ግን ያን ቀን ከሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ፤ መናገሩም ይከብዳል። ዛሬም መርዶ ሲኖር ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። «ሰው ይሙላ» ሲሉ ግን አልጠብቅም፤ «እኔ ብቻዬንም እሄዳለሁ» እላቸዋለሁ። ይቆጡኛል። ለወንድሜም ነግሬዋለሁ፤ እናታችንን የሚመለከት ነገር ካለ፣ ሱቅ ውስጥ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን፣ በዚያችው ሰዓት ደውልልኝ ብዬዋለሁ። ነጩን ጨርቅ ጎጎ መልሰው አልወሰዱትም። ከቀዩ ፖስታ ጋር በአንድ ካርቶን አስቀምጬዋለሁ። ጠርዙን አልሰፋሁትም።

በቀጣዩ ዓመት ቴት ሲቃረብ ጎጎ አስጠሩኝ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ ስገምት ልቤ ደነገጠ።

«ጎጎ፣ እኔ አሁን አባት የለኝም» አልኳቸው። «ሐዘንተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አንቺ እግርሽን ብቻ አምጪ።»

ማለዳ ያንኑ ቀይ ቀሚስ ለብሼ በመንገዱ በር ወጣሁ። ሃዲዳዎቹ እንደ ዓምናው ይጮሃሉ። ከመመለሴ በፊት ስልኬን አውጥቼ አገር ቤት ደወልኩ። እናቴ ራሷ አነሳችው።

«ምነው በዚህ ሰዓት?» አለች ደንግጣ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ! ልቤን አወረድሽው» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋን እስከምትጨርስ አዳመጥኳት። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁና ገብቼ የቤቱን በር አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ ሚን ነበር።